ዓይን ብቻውን ዳኛ አይሆንም

በሬዲዮ ከቀረቡት የጎልማሶች የንባብ ትምህርት ንግግሮች አንዱ፤ ለአዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የወጣ

ፊደሉን ቀስ እያላችሁ ተከተሉ። አስቸጋሪ ቃል ሲመጣ አብረን እንፈታዋለን። ችኮላ የለም።

የዛሬው ቃላችን «ምርምር» የሚለው ነው። «መመርመር» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። እናንተ ላም ስትገዙ ጥርሷን ከፍታችሁ ታያላችሁ። ጡቷን ትዳስሳላችሁ። አንድ ሁለት እርምጃ ታስኬዷታላችሁ። ይኸው መመርመር ነው። ተመራማሪ የሚባለው ሰውም ሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንድ ጥያቄ ይይዛል። ይሞክራል። ያየውን ይጽፋል። ከዚያ ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ ያንኑ ሙከራ ደግሞ ያደርገዋል። ሁለተኛውም ሰው ያንኑ ካገኘ ነገሩ እየታመነ ይሄዳል። ካላገኘ ደግሞ የመጀመሪያው ሰው የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን፣ ነገሩ እንደገና ይፈተሻል።

ምርምር ሲባል ብዙ ሰው ነጭ ካፖርትና የብርጭቆ ዕቃ ነው የሚታየው። የኛ ጉዳይ አይመስለውም። ዛሬ የምንነጋገረው ግን በኛው በጋምቤላ ስላለ ማር፣ ስለ ዝንብ፣ ከሁሉም ይልቅ ስለ ኩሬ ውሃ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

ከማሩ እንጀምር።

ጋምቤላ ሲባል ሰው ሙቀቱን፣ ባሮን፣ ዓሣውን ያስባል። በመዠንግር ዞን፣ በጎደሬ በኩል ግን ሰዉ ቀፎውን ረዥም ዛፍ ላይ ሰቅሎ የጫካ ማር ይቆርጣል። ያ ጫካ በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ማሩ ከጫካው ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ይሄዳል። ታዲያ እጅ በበዛ ቁጥር በመሐል አንዱ ስኳር በጥብጦ፣ አፍልቶ፣ ሊቀላቅልበት ይችላል። ሲቀላቀል መልኩ ያው ማር ነው። ጣዕሙም ያው ጣፋጭ ነው። ገዢው ይታለላል። ንጹሕ ማር የቆረጠው ሰውም አብሮ ይጎዳል፤ አጭበርባሪው በርካሽ እየሸጠ ዋጋውን ይሰብርበታላ!

እንዴት ይታወቃል? በየገበያው ብዙ ዘዴ ይነገራል። አንዱ ክብሪት ማር ውስጥ ነክሮ ይጭራል። አንዱ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ያያል። ሌላው ጉንዳን ቀረበው አልቀረበው ብሎ ይጠብቃል። እነዚህ ዘዴዎች አያስተማምኑም። ክብሪቱ ቢበዛ የሚነግረን ማሩ ውስጥ ብዙ ውሃ መኖር አለመኖሩን ነው። ማሩ ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ያለበት ከሆነ ክብሪቱ እንደ ልቡ ይጫራል። ደግሞ «የረጋ ማር ስኳር የገባበት ነው» የሚሉ አሉ። ይህም ልክ አይደለም። ንጹሕ ማርም ይረጋል። እንደ አበባው ዓይነትና እንደ ብርዱ ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ታማኝ ማር ቆራጭ ያለ ጥፋቱ ተሰድቧል!

ተመራማሪዎች የማሩን ውሃ የሚለኩበት ሬፍራክቶሜትር የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። መስተዋቱ ላይ አንድ ጠብታ ማር ይደረጋል፤ ከዚያ ወደ ብርሃን ዞሮ በቀዳዳው ይታያል። ሥራው ከባድ አይደለም። ዘንግ ውሃ ውስጥ ስትከቱ የተሰበረ ይመስላል፣ አይደል? ዘንጉ አልተሰበረም፤ የታጠፈው ብርሃኑ ነው። ማር ደግሞ ብርሃንን ከውሃ አብልጦ ያጥፋል። ስለዚህ ውሃ የበዛበት ማር የብርሃኑን መታጠፍ ይቀንሰዋል፤ መሣሪያው ይህን በቁጥር ያሳያል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው ከ100 እጅ 20 እጅ ውሃ ነው። ከዚያ ከበለጠ ማሩ ይቦካል። ንቧ በሰም ሳትከድነው የተቆረጠ ማር ብዙ ጊዜ ውሃው የበዛ ነው። በአገራችን በንብና በማር ላይ የሚሠራ የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ።

ውሃው በዚህ ተለካ። ስኳሩስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ተክል ሁሉ ከአየር ካርቦን የሚባል ነገር ይስባል። ከሰልም ካርቦን ነው። ታዲያ ካርቦን ቀላልና ከባድ አለው። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ከባዱን ካርቦን ከሌሎች ተክሎች ትንሽ አብልጠው ይይዛሉ። ንቦች የሚቀስሙባቸው አበቦች አብዛኛዎቹ ግን የሚይዙት ያነሰ ነው። ስለዚህ የሸንኮራ ስኳር ማር ውስጥ ከገባ የማሩ ካርቦን በመጠኑ ይከብዳል። አንደበት አይለየውም፤ ሚዛኑ ግን ይለየዋል። ሚዛን ስል የገበያ ሚዛን አይደለም፤ ውድ መሣሪያ ነው። ይህን መመርመሪያ አሜሪካኖች በ1970ዎቹ ለማር አዋሉት።

አጭበርባሪው ታዲያ ዝም አላለም። ካርቦኑ እንደ አበባ የሆነ ስኳር ፈለገ፤ ከሩዝና ስኳር ድንች ከሚመስለው ከስኳር ሥር የሚሠራ ሽሮፕ አገኘ። መርማሪዎችም ሌላ መመርመሪያ ሠሩ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 መጨረሻ እስከ 2022 መጀመሪያ ከውጭ ከገባ ማር 320 ናሙና ወስዶ መረመረ። ናሙና ማለት ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት ቅንጣት ነው። ከ100ው 46 እጁ አጠራጣሪ ሆኖ ተገኘ። እዚያ፣ መሣሪያው ሁሉ ባለበት አገር!

ማር ላይ ስኳር ቢጨመር የሚጎዳው ባመዛኙ ኪስ ነው። ወተት ላይ የሆነውን ደግሞ ስሙ። በቻይና በ2008 አንዳንድ ነጋዴዎች ወተቱን በውሃ አቀጠኑ። ወተት ሲመረመር የሚለካው ናይትሮጅን የሚባል ነገር ነው፤ እሱ ከበዛ ወተቱ ገንቢ ነው ይባላል። እነሱም ናይትሮጅን የሞላበትን ሜላሚን የሚባል የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል ጨመሩበት። መሣሪያው «መልካም ወተት ነው» አለ። ወደ 300,000 የሚደርሱ ሕፃናት ታመሙ፤ 6 ሞቱ። መሣሪያም ቢሆን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ጥያቄውን የሚያስተካክለው ሰው ነው።

አሁን ከምግብ ወደ ጨርቅ እንለፍ። ጨርቅ ደግሞ ምን ምርምር አለው እንዳትሉ።

የቆላ ዝንብን ታውቃላችሁ። ከብት ነክሶ ገንዲ ያስይዛል። የገንዲ ዘመድ የሆነ በሽታ ሰውንም ይይዛል፤ የእንቅልፍ በሽታ ይባላል። በኛው ክልል በጊሎ ወንዝ አካባቢ በ1967 በሰው ላይ ተገኝቶ ነበር። ዝንቧን በመድኃኒት ርጭት ለማጥፋት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ ዝንቧ ላሟን በምን ታውቃታለች?

አንዱ መልስ ሽታ ነው። ሌላው ቀለም ነው። ዝንቧ ሰማያዊ ነገር ከሩቅ ይስባታል፤ ጥቁር ነገር ላይ ደግሞ ማረፍ ትወዳለች። ስለዚህ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ተሰፍቶ፣ ከላዩ መረብ ተደርጎለት፣ ወጥመድ ሆነ። በ1980ዎቹ በኬንያ፣ ንጉሩማን በሚባለው የማሳይ ከብት አርቢዎች አገር፣ በናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የሠራው ወጥመድ የሚስበው በምን መሰላችሁ? በከብት ሽንት ነው። ከሽንቱ ጋር አሴቶን የሚባል ፈሳሽ ይቀመጥለታል። ገበሬ ራሱ ሊሠራው የሚችለው ነገር ነው።

ቀለሙ ላይ ግን አንድ ችግር ተገኘ። ለኛ ዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት ሰማያዊ ጨርቆች ተሰቅለው አንዱ ብዙ ዝንብ ይይዛል፤ ሌላው ጥቂት ይይዛል። ምክንያቱ ሲመረመር፣ አልትራቫዮሌት የሚባል ለሰው ዓይን የማይታይ ብርሃን አለ። ዝንቧ ግን ታየዋለች። አንዱ ጨርቅ ያንን ብርሃን ይመልሳል፤ ሌላው ይውጠዋል። ብርሃኑን የሚመልሰው ጨርቅ ዝንቧን በደንብ አይስባትም። የገበያ ሰማያዊ ሁሉ የዝንብ ሰማያዊ አይደለም ማለት ነው። እንደ ጋምቤላ ባለ ፀሐይ ደግሞ ጨርቁ ይነጣል፤ ስለዚህ ቀለሙ ስንት ወር ይቆያል የሚለውም ራሱን የቻለ ጥናት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ኩሬው ደረስን። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። ጎግ ወረዳና አቦቦ ወረዳ ያላችሁ በተለይ።

ጊኒ ዎርም የሚባል ትል አለ። በጋምቤላ ያየው ሰው አይረሳውም። ትሉ ሰው ሆድ ውስጥ የሚገባው በሚጠጣ ውሃ ነው። በኩሬ ውሃ ውስጥ የውሃ ቁንጫ የምትባል ፍጥረት አለች። ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለች፤ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ብትሆን ነው። የትሉን እጭ፣ ማለት ገና የተፈለፈለውን ልጁን፣ እሷ ትውጠዋለች። ሰው ውሃውን ሲጠጣ ቁንጫዋን አብሮ ይጠጣል። በጨጓራ ቁንጫዋ ትሞታለች። እጩ ግን አይሞትም። የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ወደ ሰውነት ይገባል። እዚያ ያድጋል። ሴቷ ትል አንድ ሜትር ልትደርስ ትችላለች።

ሰውየው ይህን ሁሉ ጊዜ ምንም አያውቅም። ያርሳል፤ ያጠምዳል፤ ይጨፍራል። አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ እግሩ ላይ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። እንደ እሳት ያቃጥላል። ለማብረድ እግሩን ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ትሏ የምትፈልገው ይህንኑ ነው! ውሃ ሲነካት ጭንቅላቷን አውጥታ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ እጮች ትረጫለች። ቁንጫዎቹ ይውጧቸዋል። ሁለት ሳምንት ያህል ሲሞላቸው ሌላ ሰው ለመያዝ ይደርሳሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ይመስላል።

ለዚህ በሽታ ክትባት የለውም። የሚያድን መድኃኒትም እስካሁን የለም። ትሏ በጨርቅ ወይም በእንጨት ላይ እየተጠቀለለች በቀን ጥቂት ጥቂት ሴንቲሜትር ትወጣለች፤ ሳምንታት ይፈጃል። ከተጎተተች ትበጠሳለች፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። የእርሻ ወቅት ላይ ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይራባል። አንዴ የያዘው ሰው በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሊይዘው ይችላል፤ ሰውነቱ አይለምደውም።

ትሉ ከውሃ ይምጣ ከምን ይምጣ ለብዙ ሺህ ዓመት ሰው አያውቅም ነበር። በ1870 አሌክሴ ፌድቼንኮ የሚባል ሩሲያዊ በማዕከላዊ እስያ ሆኖ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት እጩን በውሃ ቁንጫዋ ሆድ ውስጥ አገኘው። አጉሊ መነጽር ትንሽን ነገር አግዝፎ የሚያሳይ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሮበርት ላይፐር የሚባል ብሪታንያዊ ነገሩን ጨረሰው። እጭ ያለባቸውን ቁንጫዎች ሙዝ ውስጥ ደብቆ ለአንድ ጦጣ አበላ። ከስድስት ወር በኋላ ጦጣው ሲመረመር በሰውነቱ ውስጥ ትሎቹ ተገኙ። ጥያቄ፣ ሙከራ፣ ማረጋገጫ! መጀመሪያ ላይ ስለ ምርምር ያልኳችሁ ይህ ነው።

መንገዱ ከታወቀ ወዲያ መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ቁንጫዋን አትጠጣ! ቁንጫዋ ደግሞ ከረቂቅ ተሕዋስ ጋር ስትነጻጸር ግዙፍ ናት። ጨርቅ ይይዛታል። ታዲያ ምን ዓይነት ጨርቅ? መጀመሪያ የጥጥ ጨርቅ ተሞከረ። ጥጥ ግን ክሩ ጸጉራም ነው፤ ሲርስ ያብጣል። ቀዳዳዎቹ እኩል አይደሉም፤ የኩሬ ጭቃ ቶሎ ይደፍናቸዋል። ውሃው አልወርድ ሲላት እናት ምን ታደርጋለች? ልጆቿ ተጠምተዋል፤ ጨርቁን አንስታ ትጥለዋለች። እኔ እንደሚመስለኝ የምርምር ትልቁ ፈተና ይኸው ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ የሠራ ነገር እንስራ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ስለዚህ ከናይሎን የተሠራ ጨርቅ መጣ። ክሩ እንደ ዓሣ መረብ ክር አንድ ወጥና ለስላሳ ነው። አያብጥም። ቀዳዳው የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ሁሉም እኩል ናቸው። ቁንጫዋ አታልፍም፤ ውሃው ግን ቶሎ ይወርዳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የካርተር ማዕከል ጠይቆ፣ ዱፖንትና አብሮት የሠራ የጨርቅ ፋብሪካ ይህን ጨርቅ በገፍ ለገሱ። መንገድ ላይ ለሚውል እረኛና አዳኝ ደግሞ በአንገት የሚንጠለጠል፣ ጫፉ ላይ ይኸው ጨርቅ ያለበት የማጣሪያ ቱቦ ተሠራ። ጎንበስ ብሎ እንደ መቃ ይመጥበታል።

ጨርቁን ስትጠቀሙ ይህን አትርሱ። ጨርቁ ሁለት ገጽ አለው። ዛሬ ወደ ላይ የነበረው ገጽ ነገም ወደ ላይ ይሁን። ከተገለበጠ፣ ትናንት የተያዙት ቁንጫዎች ዛሬ ታጥበው የተጣራው ውሃ ውስጥ ይወድቃሉ። ለዚህ ሲባል አንዱ ገጽ ላይ ምልክት አድርጉ። አሁን መጻፍ ስለተማራችሁ «ላይ» ብላችሁ ብትጽፉበትስ? ቀዳዳ እንዳለውም ወደ ፀሐይ አንስታችሁ እዩት። የተቀደደ ማጣሪያ ማጣሪያ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ይህ ጨርቅ የጊኒ ዎርም ጨርቅ ነው እንጂ የበሽታ ሁሉ ጨርቅ አይደለም። የተቅማጥ ተሕዋስ ከቀዳዳው በጣም ስለሚያንስ ያልፋል። በባንግላዴሽ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አድርገው በ2003 ውጤቱን አውጥተዋል። ሴቶች የሚለብሱትን አሮጌ የሳሪ ጨርቅ አራት ጊዜ አጥፈው ውሃ ሲያጣሩበት፣ የኮሌራ ሕመምተኞች ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ምክንያቱም የኮሌራ ተሕዋስ ብዙውን ጊዜ በውሃ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። አሮጌው ጨርቅ ከአዲሱ ይሻላል፤ በመታጠብ ብዛት ክሩ ተፈትቶ ቀዳዳውን ያጠብበዋል። ያም ሆኖ ግማሽ ነው የቀነሰው። ማገዶ ካለ ውሃን አፍልቶ መጠጣት ሁሉንም ይበልጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ1986 በአፍሪካና በእስያ ወደ 3.5 ሚሊዮን ሰው በየዓመቱ ይህ ትል ይይዘው ነበር። በ2024 በዓለም ሁሉ የተመዘገቡት ሰዎች 15 ብቻ ናቸው። ያለ ክትባት፣ ያለ መድኃኒት፣ በጨርቅና በትምህርት! ጉድጓድ ውሃ በመቆፈር፣ ቴሜፎስ የሚባለውን የቁንጫ ማጥፊያ በልክ በየወሩ ኩሬ ላይ በማድረግም ተረድቷል። ማጥፊያው በታዘዘው መጠን ከተደረገ ውሃውን ለሚጠጣ ሰው አያሰጋም።

ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ገና ከበሽታው ነጻ ናት የሚል ምስክር ወረቀት አላገኘችም። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የዓለም ጤና ድርጅት ነው፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ምንም ትል አለመኖሩን ይጠይቃል። በአገራችን ትሉ ተሸሽጎ የቀረው በኛው ክልል ነው። የአገሪቱ ጥረት በ1990ዎቹ ተጀምሮ በሽታው በሌላው ቦታ ጠፋ፤ እዚህ ግን አልጠፋ አለ።

በ2017 በኢትዮጵያ 15 ሰዎች ላይ ወጣ። ወረርሽኙ የተነሳው በአቦቦ ወረዳ በአንድ ትልቅ እርሻ ላይ በሚሠሩ፣ ከሌላ አካባቢ በመጡ የቀን ሠራተኞች መካከል ነው። ያልተጣራ የኩሬ ውሃ ጠጥተው ነበር። ልብ በሉ፤ ትሉ የሚወጣው ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ስለሆነ ሰውየው አገሩ ገብቶ ሌላውን ኩሬ ሊበክል ይችላል። ሠራተኛ የሚቀጥር ሁሉ ለሠራተኛው ንጹሕ ውሃ ማቅረብ አለበት የምንለው ለዚህ ነው። በፀሐይ ሲያርም የዋለ ሰው ኩሬ ሲያገኝ ማጣሪያ ፍለጋ አይሄድም። መወቀስ ያለበት እሱ አይደለም።

በ2018 እና በ2019 አንድም ሰው አልተያዘም። ደስ ተባለ። በ2020 ግን 11 ሰዎች ላይ ወጣ። ታዲያ ትሉ ሁለት ዓመት የት ነበር?

በውሻ ላይ ነበር። በዝንጀሮም ላይ ነበር። በቻድ ከ2012 ጀምሮ በውሾች ላይ ትሉ በብዛት ተገኝቷል። በጎግና በአቦቦም በውሾች፣ በድመቶችና በጫካ ዝንጀሮዎች ላይ ታይቷል። መጀመሪያ «ይህ ሌላ ትል ይሆናል» ተብሎ ነበር። ለዓይንማ ያው አንድ ነጭ ክር ነው፤ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የትሉን ዲኤንኤ መረመሩ። ዲኤንኤ ማለት በፍጥረት ሁሉ ሰውነት ውስጥ ያለ የዘር ጽሑፍ ነው በሉት። ጽሑፉ ሲነበብ የሰውና የእንስሳ ትል አንድ ዓይነት ሆነ። ውሻው ኩሬ ውስጥ ሲዋኝ ሰው እግሩን እንደ ነከረ ይቆጠራል ማለት ነው።

ሌላም ጥርጣሬ አለ። ዓሣና እንቁራሪት የተበከለች ቁንጫ ይበላሉ። እጩ በሥጋቸው ውስጥ ሳይሞት ሊቆይ እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። ውሻው ደግሞ ጥሬ ዓሣና የዓሣ አንጀት ይወዳል። በባሮ፣ በጊሎና በአልዌሮ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዓሣችሁን አብስላችሁ ብሉ። ሆድቃውን ቅበሩት እንጂ ለውሻ አትወርውሩ። ውሻ እንዲታሰር የሚጠየቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውሻ ማሰር ለኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ውሻ አዳኝ ነው፤ ጠባቂ ነው፤ ሲታሰር ያለቅሳል። የታሰረ ውሻ ምግብና የተጣራ ውሃ ካልቀረበለት ሰንሰለቱን መበጠሱ አይቀርም፤ ስለዚህ ማሰሩና መመገቡ አብረው ይሂዱ። ዝንጀሮን ግን ማን ያስረዋል? ያለው መንገድ ዝንጀሮ የሚጠጣበትን የጫካ ኩሬ ፈልጎ ማከም ነው፤ ኩሬዎቹን ደግሞ ከናንተ በላይ የሚያውቃቸው የለም።

አሁን ለናንተ ለአዲስ አንባቢዎች የሚሆነውን ልንገራችሁ። ይህ ሁሉ ቁጥር፣ 15፣ 11፣ ዜሮ የምላችሁ፣ ከመንደር ደብተር የመጣ ነው። በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ደብተር ይይዛሉ። የተጠረጠረ እብጠት ሲሰሙ ሄደው ያያሉ፤ ይጽፋሉ። የሚጽፉት ረዥም አይደለም፦ የሰውየው ስም፣ ዕድሜ፣ መንደር፣ ትሉ የታየበት ቀን፣ ውሃ የቀዳበት ኩሬ፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ከቶ እንደሆነና እንዳልሆነ። ውሻም ከሆነ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። ደብተሩ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሄዳል።

ከሁሉም ይልቅ ቀኑ ይፈለጋል። ትሉ ብቅ ባለ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተነገረ፣ ሰውየውም ውሃ ውስጥ ሳይገባ ከተጠበቀ፣ ያ ትል ተገታ ይባላል፤ አንድም ሰው ከእሱ አይያዝም። ከአንድ ቀን በላይ ከዘገየ ግን ሰውየው የረገጠው ኩሬ ሁሉ ተቆጥሮ መታከም አለበት። «ባለፈው ሰሞን ነው፣ ዝናቡ ሳይመጣ» የሚል መልስ ለባለሙያው አይረዳውም። «ማክሰኞ፣ ሰኔ 10» የሚል ግን ኩሬው ጋ በቀጥታ ያደርሰዋል። ለጠቆመ ሰው ሽልማት አለው፤ መጠኑን በአካባቢያችሁ ያለውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ።

ለዛሬው የጽሑፍ ልምምዳችን ደብተራችሁን አውጡ። የዛሬን ቀን ጻፉ። ከሥሩ ቤታችሁ ውሃ የሚቀዳበትን ቦታ ስም ጻፉ። ቦታው ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉንም ጻፉ፤ የበጋውን ለብቻ፣ የክረምቱን ለብቻ። ኩሬው በወረቀት ላይ ስም ከሌለው፣ በሰፈራችሁ በአኙዋኛም ሆነ በኑዌርኛ የምትጠሩበትን ስም እንደምትሰሙት በፊደል ጻፉት።